«አቅም በፈቀደ መጠን» ማለት ምን ማለት ነው?

አንድ ትምህርት ቤት እናስብ። ስም አያስፈልገውም። ከሰሜኑ ጦርነት ወዲህ እንዲህ ያለ ትምህርት ቤት በትግራይ ብዙ ነው፤ በአማራ ክልልም አለ። ስምንት መማሪያ ክፍል አለው። በአምስቱ ተፈናቃዮች ይኖራሉ። በመስኮቱ ልብስ ተሰቅሏል፤ በረንዳው ላይ ሽሮ ይንተከተካል። በቀሩት ሦስት ክፍሎች ልጆች በፈረቃ ይማራሉ። ዴስክ ስለሌለ ድንጋይ ላይ ይቀመጣሉ።

ርዕሰ መምህሩ ክፍሎቹ እንዲለቀቁለት በየሳምንቱ ወረዳ ይመላለሳል። እውነቱን ነው። ልጆቹ መጀመሪያ በኮሮና፣ ቀጥሎ በጦርነቱ ዓመታት አምልጠዋቸዋል። ተፈናቃዮቹ ደግሞ «የት እንሂድ?» ይላሉ። እነሱም እውነታቸውን ነው። ከእነሱ መካከል ልጆቻቸውን እዚያው ግቢ የሚያስተምሩ አሉ።

ወረዳው ለሁለቱም የሚሰጠው መልስ አንድ ነው፤ «አቅም የለም።»

ይህን መልስ ሁላችንም እናውቀዋለን። ጤና ጣቢያ መድኃኒት ስንጠይቅ ሰምተነዋል። የውሃ ቧንቧ ተበላሽቶ ቀበሌ ስንሄድ ሰምተነዋል። ብዙ ጊዜ ውሸት አይደለም። ገንዘቡ በእርግጥም የለም። ጥያቄው ግን ሌላ ነው። አቅም የሌለው መንግሥት ከኃላፊነቱ ነፃ ነው ወይስ አይደለም? ሕጉ የሚሰጠው መልስ ብዙ ሰው ከሚገምተው ይለያል። ስለዚህ ቀስ ብለን እንየው።

የትኞቹ መብቶች?

ስለ ሰብዓዊ መብት ሲወራ ቀድሞ የሚታየን እስር፣ ድብደባና የመናገር ነፃነት ነው። ነገር ግን በልቶ ማደር፣ ታሞ መታከም፣ ልጅን ማስተማር፣ ንጹሕ ውሃ ማግኘት፣ ጣራ ሥር ማደር፣ ለሠሩበት ደመወዝ መቀበል፣ ሲያረጁ ደጋፊ አለማጣትም መብት ነው። የኢኮኖሚና የማኅበራዊ መብቶች የሚባሉት እነዚህ ናቸው።

የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት እነዚህን መብቶች የሚመለከት ቃል ኪዳን እ.ኤ.አ. በ1966 አጽድቋል። ኢትዮጵያ ሰኔ 1985 ዓ.ም. ተቀበለችው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 9 መሠረት ሀገሪቱ ያጸደቀችው ዓለም አቀፍ ስምምነት የራሷ ሕግ አካል ነው። ቃል ኪዳኑ የውጭ ሰዎች ወረቀት ነው ብሎ ማለፍ አይቻልም ማለት ነው።

ሕገ መንግሥቱ ራሱም ስለነዚህ መብቶች ይናገራል። አንቀጽ 41 መንግሥት ለጤና፣ ለትምህርትና ለሌሎች ማኅበራዊ አገልግሎቶች በየጊዜው እየጨመረ የሚሄድ ሀብት መመደብ እንዳለበት ይደነግጋል። አንቀጽ 89 የተፈጥሮም ሆነ ሰው ሠራሽ አደጋ እንዳይደርስ መከላከልን፣ ከደረሰም ለተጎጂው በወቅቱ እርዳታ መስጠትን የመንግሥት ሥራ ያደርገዋል። አንቀጽ 90 ደግሞ ትምህርትን፣ ጤናን፣ ንጹሕ ውሃን፣ መኖሪያን፣ ምግብንና ማኅበራዊ ዋስትናን ይዘረዝርና አንድ ሐረግ ያስቀድማል። «የሀገሪቱ አቅም በፈቀደ መጠን» ይላል።

ብዙ ሰው እዚህ ሐረግ ላይ ሲደርስ ተስፋ ይቆርጣል። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ነው የሚመስለው። እኔም መጀመሪያ ሳነበው እንደዚያ ነበር የተሰማኝ። ሐረጉ ማምለጫ በር መስሎኝ ነበር።

ሐረጉ ውስጥ ያለው ግዴታ

ቃል ኪዳኑም ተመሳሳይ ሐሳብ አለው። መንግሥት እነዚህን መብቶች ያለውን ሀብት እስከ ጥግ ተጠቅሞ፣ ደረጃ በደረጃ ይፈጽማል ይላል። «እስከ ጥግ» የሚለው ቃል ቀላል አይደለም። የቃል ኪዳኑን አፈጻጸም የሚከታተለው የተባበሩት መንግሥታት ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ1990 ትርጉሙን ዘርዘር አድርጎ አስቀምጧል።

መጀመሪያ ነገር፣ ወለል አለ። ከዚያ በታች አይወረድም። ሰው በረሃብ እንዳይሞት፣ መሠረታዊ ሕክምና እንዳያጣ፣ መጠለያ አጥቶ ሜዳ ላይ እንዳይወድቅ፣ ልጅ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት እንዳያጣ ማድረግ ነው ወለሉ። መንግሥት «ይህንንም አልቻልኩም» ካለ ማስረዳት ያለበት ራሱ ነው። በእጁ ያለውን ሁሉ አሟጦ እንደተጠቀመ፣ ቅድሚያውንም ለእነዚህ ነገሮች እንደሰጠ በማስረጃ ያሳያል። አያችሁ ልዩነቱን? በተለመደው አሠራራችን ችግረኛው ነው ድህነቱን የሚያስረዳው። እዚህ ላይ የማስረዳቱ ሸክም ወደ መንግሥት ይዞራል።

ሌላው፣ ወደ ኋላ አይኬድም። ትናንት የነበረ አገልግሎት ዛሬ ከተቀነሰ ጠንካራ ምክንያት ያስፈልጋል።

ደግሞም አድልዎ ክልክል ነው፤ ይህኛው አቅም አይጠብቅም። ያለችው አንድ ኩንታል ስንዴ ብትሆንም በብሔር፣ በሃይማኖት፣ በፖለቲካ ወይም «ከየትኛው ወገን ነበርክ?» በሚል ተለይታ ልትታደል አትችልም። ከጦርነት በምትወጣ አገር ይህ ነጥብ ከሁሉም በላይ ያሳስበኛል። የተራበ ሰው ረሃቡን ሊረሳ ይችላል። ስሙ ተጠርቶ ጎረቤቱ ሲወስድ እሱ የተዘለለበትን ቀን ግን አይረሳም።

ሀብት ሲባል የግምጃ ቤቱ ብር ብቻ አይደለም። እርዳታና ብድርም ይቆጠራል። እዚህ ላይ አንድ መራራ ትዝታ አለ። በ2015 ዓ.ም. የእርዳታ እህል ለታለመለት ሰው ሳይደርስ ወደ ሌላ መሄዱ ታወቀ። የአሜሪካው ዩኤስኤአይዲና የዓለም ምግብ ፕሮግራም መጀመሪያ በትግራይ፣ ከዚያም ሰኔ ላይ በመላ አገሪቱ የምግብ እርዳታውን አቆሙ። ሥርጭቱ የተመለሰው ከወራት በኋላ ነው። እህሉን ያዞሩት ሰዎች ጥፋት ትልቅ ነው። ሆኖም ለዚያ ጥፋት ምሳውን የከፈለው ምንም ያላጠፋ ሕፃን ነበር። ሌብነትን ለማስቆም የተራበውን ማስራብ በየትኛውም ሚዛን ፍትሕ ሊሆን አይችልም። ቁጥጥሩን ማጥበቅና ምግቡን ማስቀጠል ጎን ለጎን መሄድ ነበረባቸው።

ሳንቲም የማይጠይቀው ክፍል

የመብት ባለሙያዎች የመንግሥትን ግዴታ በሦስት ይከፍሉታል። ራሱ አለመጣስ አለበት። ሌላው እንዳይጥስ መከላከል አለበት። የጎደለውንም ማሟላት አለበት። «አቅም የለም» የሚለው መልስ የሚሠራው፣ ከሠራም፣ ለመጨረሻው ብቻ ነው። ጤና ጣቢያ አለመዝረፍ በጀት አይፈልግም። ትምህርት ቤትን የጦር ካምፕ አለማድረግ ብድር አያስፈልገውም።

ለምሳሌ የድንበር የለሽ ሐኪሞች ቡድን ከታኅሣሥ 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ባሉት ጥቂት ወራት በትግራይ 106 የጤና ተቋማትን ተመልክቶ ነበር። ወደ 70 በመቶ የሚሆኑት ተዘርፈዋል። ከ30 በመቶ በላይ ጉዳት ደርሶባቸዋል። በተለመደው ሁኔታ ሲሠሩ የተገኙት 13 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከአምስት ተቋማት አንዱ በወታደሮች ተይዞ ነበር። በኋላ ጦርነቱ ወደ አማራና አፋር ሲዛመት እዚያም ሆስፒታሎችና ጤና ጣቢያዎች ተዘርፈዋል። እነዚያን ተቋማት ለመሥራት አሥርት ዓመታት ፈጅቷል። ላለማፍረስ የሚያስፈልገው ትእዛዝ ብቻ ነበር።

የሰሜኑን ጦርነት ያስቆመው የፕሪቶሪያው ስምምነት ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ሲፈረም መንግሥት ለመልሶ ግንባታ ያስፈልጋል ብሎ ያቀረበው ግምት ወደ 20 ቢሊዮን ዶላር ይጠጋ ነበር። በአማራና በኦሮሚያ ክልሎች ግን ተኩሱ አልቆመም። «ማገገም» የሚለውን ቃል ስጠቀም ይህን እያሰብኩ ነው። በአንድ በኩል እየታከመ በሌላ በኩል የሚደማ ሰው ዓይነት ነው ነገሩ። ለዚህም ነው ይህ ሳንቲም የማይጠይቀው ግዴታ ዛሬም ከሁሉ የሚቀድመው።

ስለ ደመወዝም ልጨምር። በትግራይ መምህራን በጦርነቱ ዘመን ያልተከፈላቸውን ደመወዝ ሲጠይቁ ቆይተዋል። እነሱ የሚቆጥሩት 17 ወር ነው። ለተሠራ ሥራ ክፍያ ማግኘት በቃል ኪዳኑ ውስጥ በግልጽ የተጻፈ መብት ነው። ጉዳዩ የመምህራን ብቻም አይደለም። ዕዳ የተቆለለበት፣ ልጆቹን ማብላት ያቃተው መምህር ክፍል ገብቶ ምን ዓይነት ትምህርት ሊሰጥ ይችላል? የእሱ መብት ሲወድቅ የተማሪው መብትም አብሮ ይወድቃል።

የላትቪያ ጡረተኞች

አሁን ትንሽ ራቅ እንበል። ላትቪያ በባልቲክ ባሕር ዳር ያለች ትንሽ አገር ናት። እ.ኤ.አ. በ2008 የዓለም የገንዘብ ቀውስ ክፉኛ መታት። በ2009 ኢኮኖሚዋ ከ10 በመቶ በላይ ተሰበረ። መንግሥት ከዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት (አይ ኤም ኤፍ) እና ከአውሮፓ ኅብረት ብድር ወሰደ። ወጪ መቁረጥም ግድ ሆነ። ፓርላማው የጡረታ አበልን በ10 በመቶ ቀነሰ። እየሠሩ ጡረታ የሚቀበሉ ሰዎች ደግሞ 70 በመቶ ተቆረጠባቸው።

ጡረተኞቹ ለሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ አመለከቱ። መንግሥት «አበዳሪዎቹ ስለጠየቁ ነው፣ አማራጭ አልነበረም» አለ። ፍርድ ቤቱ ታኅሣሥ 21 ቀን 2009 እ.ኤ.አ. ውሳኔ ሰጠ። ቀውስ ሲመጣ መንግሥት ወጪ መቀነስ ይችላል ብሏል። ነገር ግን የአበዳሪ ቅድመ ሁኔታ በሕገ መንግሥቱ የተረጋገጠን መብት ሊተካ አይችልም አለ። መንግሥት ሌሎች አማራጮችን በቅጡ አልመረመረም። ለሰዎቹ መሸጋገሪያ ጊዜ አልሰጠም። ስለዚህ ቅነሳው ፈረሰ፤ የተቆረጠውም ገንዘብ እንዲመለስ ተደረገ።

ይህን ታሪክ የወደድኩት ጡረተኞቹ ስላሸነፉ ብቻ አይደለም። ፍርድ ቤቱ «ገንዘብ አለ ወይስ የለም?» ብሎ አልቆመም። «ከመቁረጣችሁ በፊት ምን አስባችሁ ነበር?» ብሎ ጠየቀ። ከሦስት ዓመት በኋላ የተባበሩት መንግሥታቱ ኮሚቴም ለአባል አገሮች በላከው ደብዳቤ ተመሳሳይ መለኪያ አስቀመጠ። በቀውስ ጊዜ የሚደረግ ቅነሳ ጊዜያዊ ይሁን። የግድ አስፈላጊና ተመጣጣኝ ይሁን። አድልዎ አይኑርበት። ወለሉን አይንካ።

ብሩ ሲወርድ መብቱም ይወርዳል

ወደ አገራችን እንመለስ። ታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የአንድ ቢሊዮን ዶላር ቦንዷን የ33 ሚሊዮን ዶላር ወለድ ሳትከፍል ቀረች። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር የምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። በዚያው ዕለት አይ ኤም ኤፍ የ3.4 ቢሊዮን ዶላር የአራት ዓመት ብድር አጸደቀ። በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት 100 ብርን አለፈ።

ስለ ማሻሻያው ጥቅምና ጉዳት የኢኮኖሚ ሰዎች ይከራከሩ። እኔ እዚህ ማንሳት የምፈልገው አንድ ነገር ነው። በላትቪያ ጡረታው ሲቆረጥ በሕግ ተጽፎ ነበር፤ ሰው አይቶት ከሰሰ። በእኛ ዓይነቱ ሁኔታ ግን ማንም ምንም ሳይቆርጥ መብት ይቀንሳል። የዋጋ ንረት ዝም ብሎ ይቆርጠዋል።

በቀላል ሒሳብ ላሳያችሁ። የፈጠራ ቁጥር ነው፣ ለምሳሌ ያህል። አንድ ወረዳ ዓምና ለጤና 10 ሚሊዮን ብር መደበ። ዘንድሮ 12 ሚሊዮን መደበ። በሪፖርቱ «የጤና በጀት በ20 በመቶ አደገ» ይባላል። ግን በዚያው ዓመት ዋጋ በ30 በመቶ ከጨመረ፣ የዘንድሮው 12 ሚሊዮን የሚገዛው ዓምና 9.2 ሚሊዮን ብር ይገዛው የነበረውን ነው። በጀቱ አደገ፤ ጓንቱና መርፌው ግን ቀነሰ። ሕገ መንግሥቱ «እየጨመረ የሚሄድ ሀብት» ሲል የሚጨምረው ቁጥሩ ብቻ ከሆነ ትርጉም የለውም። ለሴፍቲኔት ተጠቃሚው፣ ለጡረተኛው፣ ለጥበቃ ሠራተኛውም ይኸው ሒሳብ ነው የሚሠራው።

መንግሥት በዚያን ጊዜ በነዳጅ፣ በማዳበሪያ፣ በመድኃኒትና በምግብ ዘይት ላይ ጊዜያዊ ድጎማ እንደሚያደርግ፣ የመንግሥት ሠራተኛውንም ደመወዝ እንደሚያሻሽል አስታውቋል። ተገቢ እርምጃ ነው። ግን የመንግሥት ደመወዝ የማያገኘውስ? በግል ድርጅት ለተቀጠረው ዝቅተኛ ደመወዝ የሚወስን ቦርድ እንደሚኖር በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ተጽፏል። አዋጁ ከወጣ ዓመታት አልፈዋል። የቀን ሠራተኛዋ፣ የቡና ለቃሚዋና የሰው ቤት ሠራተኛዋ ግን በሁለቱም በኩል የሉም። በማንኛውም ማሻሻያ መጀመሪያ መታየት የነበረባቸው እነሱ ናቸው።

የአይሪን ግሩትቡም መዝገብ

አሁን ያን የተጨናነቀ ትምህርት ቤት እናስታውስ። ለሁለቱም የሚበቃ ቦታ በሌለበት ሕጉ ምን ይላል? እዚህ ላይ ደቡብ አፍሪካ የምትነግረን ነገር አለ።

አፓርታይድ ካበቃ አምስት ዓመት ሆኗል። ከኬፕ ታውን ወጣ ብላ ባለች ዋላስዲን በምትባል ሰፈር ሰዎች ውሃና መብራት በሌለው ጎጆ ይኖሩ ነበር። የመንግሥት ቤት ወረፋው ዓመታት ይፈጃል። ሲብስባቸው አንድ ባዶ መሬት ላይ ሰፈሩ። መሬቱ ለዝቅተኛ ገቢ ቤቶች ግንባታ የተያዘ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1999 ተባረሩ፤ ጎጆዎቻቸው ፈርሰው ተቃጠሉ። 390 አዋቂዎችና 510 ልጆች በአንድ የስፖርት ሜዳ ላይ ፕላስቲክ ወጥረው ቀሩ። ከመካከላቸው አይሪን ግሩትቡም የምትባል ሴት ነበረች። መዝገቡ የሚታወቀው በእሷ ስም ነው።

የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2000 ውሳኔ ሰጠ። መንግሥት ለሁሉም ወዲያው ቤት ይሥራ አላለም። የቤት ፕሮግራሙም ትልቅ ሥራ እንደሆነ አምኗል። ግን አንድ ቀዳዳ አገኘበት። ፕሮግራሙ ሁሉ ለነገው ነበር። ዛሬ ማታ ማደሪያ ለሌለው ሰው ምንም አላዘጋጀም። በጣም የተቸገሩትን የዘነጋ ዕቅድ ምክንያታዊ ሊባል አይችልም፣ ስለዚህ ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ብሎ ወሰነ።

ይህን ወደ ትምህርት ቤታችን አምጡት። ተፈናቃዮቹን አስወጥቶ ሜዳ ላይ መጣል መፍትሔ አይደለም። ልጆቹን ያለ ትምህርት ማስቀረትም አይደለም። ሕጉ የሚጠይቀው ዕቅድ ነው። ለተፈናቃዮቹ ጊዜያዊ መጠለያ የት ይሠራል? በማን ገንዘብ? መቼ? ክፍሎቹ በየትኛው ወር ይለቀቃሉ? እነሱስ በሰላም ወደ ቀያቸው የሚመለሱበት ወይም ሌላ ቦታ የሚቋቋሙበት መንገድ ምንድን ነው? «አቅም የለም» የሚለው መልስ እንዲህ ያለ ዕቅድ ካልተያያዘበት በሕግ ዓይን መልስ ሊባል አይችልም።

ሳልሸሽግ አንድ ነገር ልናገር። አይሪን ግሩትቡም እ.ኤ.አ. በ2008 አረፈች። እስከዚያ ድረስ የሚገባትን ቤት አላገኘችም። ፍርዱ በሌሎች አገሮችም የሕግ ትምህርት ቤቶች ይጠናል፤ እሷ ግን በጎጆ ኖራ በጎጆ ሞተች። ውሳኔው መፈጸሙን የሚከታተል አካል በቅጡ አልተመደበም ነበር። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ያመኛል።

ሰጪና ተቀባይ

በእኛ አገር የማኅበራዊ ዋስትና ትልቁ ሥራ ሴፍቲኔት ነው። በ1997 ዓ.ም. በገጠር ተጀመረ። ከዚያ በፊት ድርቅ በመጣ ቁጥር የአስቸኳይ እርዳታ ጥሪ ይወጣ ነበር፤ እህሉ የሚደርሰው ብዙውን ጊዜ ገበሬው በሬውን ከሸጠ በኋላ ነው። ሴፍቲኔት ይህን ለመቀየር ታስቦ የመጣ ነው። መሥራት የሚችለው እርከን ይሠራል፣ መንገድ ይጠግናል፣ በዓመት ለስድስት ወር ክፍያ ያገኛል። መሥራት የማይችሉ አረጋውያንና አካል ጉዳተኞች ቀጥታ ድጋፍ ያገኛሉ። ወደ 8 ሚሊዮን ገደማ ሰው የሚያቅፍ ሥራ ነው። በሐሳብ ደረጃ አክብሮት አለኝ።

ችግሩ ኮታ ላይ ነው። ወረዳው ለቀበሌው ቁጥር ይሰጣል። ቀበሌው ውስጥ መስፈርቱን የሚያሟሉት 300 አባወራዎች ቢሆኑና ኮታው 180 ቢሆን 120ዎቹ ይቀራሉ። ማን ይቅር የሚለውን የሚወስነው ኮሚቴ የሰፈሩ ሰው ነው። ዝምድና አለ፣ ቂም አለ፣ ፖለቲካም ይገባል። ብዙ ሰው ሲዘለል «ዕድሌ ነው» ብሎ ቤቱ ይገባል። ነገር ግን በፕሮግራሙ መመሪያ ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ በቀበሌ ደረጃ መኖር አለበት። ይህን ስንት ሰው ያውቃል? በእኔ እምነት መብትን ከምጽዋት የሚለየው ይሄ ነው። ምጽዋት የተከለከለ ሰው ዝም ይላል። መብቱን የተከለከለ ሰው «ለምን?» ብሎ ይጠይቃል፤ መልስም ይገባዋል።

የጤና መድህኑም እንዲሁ ነው። ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድህን በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች ተሞከረ፤ ከዚያ በአገሪቱ ተስፋፋ። ቤተሰብ በዓመት መዋጮ ይከፍላል። የድሃ ድሃ የተባሉትን መዋጮ መንግሥት ይሸፍናል። ጥሩ ሐሳብ ነው። ግን ጤና ጣቢያው «መድኃኒቱ የለም፣ ከውጭ ግዙ» ካለ መዋጮው ምን ፋይዳ አለው? ከፍላ የመጣች እናት ሁለተኛ ትከፍላለች። መድህን አለ የሚባለው መድኃኒት ሲኖር ነው።

ስለ ተፈናቃዮች አንድ ትንሽ የምትመስል ግን ትልቅ ጉዳይ ላንሳ፤ መታወቂያ። በጦርነት የሸሸ ሰው ልጁን አዝሎ ነው የሚወጣው። መታወቂያው፣ የልደት ካርዱ፣ የይዞታ ደብተሩ ቤት ውስጥ ቀርቷል ወይም ተቃጥሏል። አዲስ ቦታ ሲደርስ «ከመጣህበት ቀበሌ መሸኛ አምጣ» ይባላል። የመጣበት ቀበሌ ግን እሱ የማይደርስበት ቦታ ነው። ያለ መታወቂያ መድህን የለም፣ ሲም ካርድ የለም፣ የባንክ ሒሳብ የለም፣ ሥራ የለም። ኢትዮጵያ በ2012 ዓ.ም. የአፍሪካ ኅብረትን የተፈናቃዮች ስምምነት፣ የካምፓላ ስምምነት የሚባለውን፣ አጽድቃለች። ያ ስምምነት መንግሥት ለተፈናቃዮች የጠፋባቸውን ሰነድ እንዲተካላቸው ግዴታ ይጥላል። አንድ ወረቀትና አንድ ማኅተም ነው። እዚህ ላይ «አቅም የለም» የሚል ሰው ካለ አልቀበለውም።

የት ይጮኻል?

አቤቱታ ማቅረቢያው መንገድ እንደ ላትቪያ ቀና አይደለም። በኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት የመተርጎም ሥልጣን የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። አቤቱታው መጀመሪያ የሚታየው በሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ ነው። የመደበኛ ፍርድ ቤት ዳኞች ብዙ ጊዜ አንቀጽ 41ን መሠረት አድርገው መወሰን ይከብዳቸዋል። ለተባበሩት መንግሥታቱ ኮሚቴ ግለሰብ በቀጥታ የሚያመለክትበትን ተጨማሪ ፕሮቶኮልም ኢትዮጵያ አልተቀበለችም። ይህ መቀየር ያለበት ነገር ነው፤ የሕግ ባለሙያዎች ደጋግመው ሊጠይቁት ይገባል።

በሮቹ ሁሉ ዝግ አይደሉም። የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን የኢኮኖሚና የማኅበራዊ መብት አቤቱታም ይቀበላል። አስተዳደራዊ በደል ሲሆን የእንባ ጠባቂ ተቋም አለ። በበርካታ ዩኒቨርሲቲዎች የሕግ ትምህርት ቤቶች ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣሉ። በአገር ውስጥ ያለው መንገድ ሁሉ ተሞክሮ ካልሆነ በባንጁል ያለው የአፍሪካ የሰዎችና የሕዝቦች መብቶች ኮሚሽን አለ፤ ኢትዮጵያ የአፍሪካ ቻርተር አባል ናት። ውጭ አገር ያላችሁ የሕግ ሰዎች በዚህኛው መንገድ ብዙ ልታግዙ ትችላላችሁ። መዝገብ ማዘጋጀት ጊዜና እውቀት ይጠይቃል፤ የተፈናቀለ ሰው ሁለቱም የሉትም።

ከሁሉ የሚቀርበው በር ግን ወረዳው ነው። የፌዴራሉ በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ ወረዳዎችም የየራሳቸውን ያጸድቃሉ። በብዙ ወረዳዎች የጸደቀውን በጀት ሰው በሚያየው ሰሌዳ ላይ መለጠፍ የተለመደ አሠራር ነበር። ካልተለጠፈ መጠየቅ ይቻላል። ሠንጠረዡን ስታዩ ድምሩ አያታልላችሁ። ከጤናና ከትምህርት በጀቱ ደመወዙን ቀንሱና ለሥራ ማስኬጃ የቀረውን እዩት። መድኃኒቱ፣ ጠመኔው፣ የአምቡላንሱ ነዳጅ ያለው እዚያ ነው። ዓምና ስንት ነበር? ዋጋ በዚህ ዓመት በስንት ጨመረ? ከዚያ የትምህርት ቤቱን ጉዳይ አንሱ። ለተፈናቃዮቹ መጠለያ የተያዘው ገንዘብ በየትኛው መስመር ላይ ነው? ክፍሎቹስ በየትኛው ወር ይለቀቃሉ ተብሎ ታቅዷል? መልሱን በጽሑፍ ጠይቁ።